ባሕር ዳር በወደቧ ነው ያደገችው ወይስ በፋብሪካዋ? የጀልባ ማረፊያ ለመንደፍስ የትኛው የውኃ ከፍታ ይያዝ?

ቀያሿ፦

ሰላም ናችሁ። በጣና ደቡብ ዳርቻ፣ ባሕር ዳር ወገን፣ ለጭነት ጀልባ የሚሆን አነስተኛ ማረፊያ እየነደፍኩ ነው፤ የመመረቂያ ሥራ ነው። ሁለት ነገር ይዞኛል። አንደኛው መግቢያው ነው። «ባሕር ዳር በወደብነቷ አድጋ የኢንዱስትሪ ከተማ ሆነች» ብዬ ብጽፍ አማካሪዬ በቀይ አስምሮ «ማስረጃ?» ብሎ መለሰው። ሁለተኛው ቁጥሩ ነው። የማረፊያው ወለል ስንት ላይ ይሁን? ውኃው ስንት ሲደርስስ ነው ጀልባ አይገባም የሚባለው? አንዱ ሰነድ ከባሕር ወለል 1784 ሜትር ይላል፣ ሌላው 1784.75፣ ሌላው 1786። ጀልባዬን 18 ሜትር በ4.5 ሜትር፣ ጭኖ 1.20 ሜትር ውኃ ውስጥ የሚገባ ብዬ ይዣለሁ። በመኪና ከመጫን ጋር ሲተያይ ያዋጣ እንደሆነም የምታውቁ ብትጨምሩልኝ።

ዘንባባ ጥላ፦

አማካሪሽ ልክ ነው። ወደብ ነበራት፤ ያሳደጋት ግን ወደቡ አይደለም።

ቀድሞ የነበረው የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያንና ዙሪያው ያለች መንደር ናት። ሐይቁን የሚያቋርጠው ታንኳ ነበር፣ ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚያስሩት። ታንኳን የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ደንገሉ ውኃ በጠጣ ቁጥር ይከብዳል፣ ታንኳውም ዝቅ ዝቅ ይላል፤ ዳር አውጥተው ፀሐይ ካላስመቱት ቶሎ ይበሰብሳል። የዘጌን ቡናና ማገዶ ለገበያ ለማድረስ ይበቃል፣ የፋብሪካ ጭነት ግን አይችልም። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1936 ከገባ በኋላ የሞተር ጀልባ መጣ፤ በዚህ በኩል ባሕር ዳር፣ በዚያ በኩል ጎርጎራ ማረፊያ ሆኑ። የወደብ ዘመን የሚባል ካለ እሱ ነው።

ከተማ ያደረጋት ከዚያ በኋላ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የተደራረበው ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተቋቋመ። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ። በ1964 ጢስ አባይ አንደኛ 11.4 ሜጋ ዋት ማመንጨት ጀመረ። በ1965 ደግሞ ጀርመናዊው ማክስ ጉተር የመራው ማስተር ፕላን ወጣ፤ ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሳባቸው ሰፋፊ ጎዳናዎች ያኔ የታቀዱ ናቸው። ዓመቶቹን ሁሉ እ.ኤ.አ. አድርጌ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ወሩን ሳታውቂ ወደ እኛ አቆጣጠር ስትለውጪ 7 ትቀንሺ ወይ 8 ይምታታብሻል፤ ብዙ የመመረቂያ ጽሑፍ እዚህ ላይ ይሳሳታል።

አሁን ጭነቱን ተከተዪው። ፋብሪካው የሚፈልገው ጥጥ፣ ውኃ፣ መብራትና ሠራተኛ ነው። ጥጥ የቆላ ሰብል ነው፤ በመተማና በሁመራ በኩል እንጂ በጣና ዳር አይበቅልም፣ ስለዚህ ጀልባ አያስፈልገውም። ውኃው ከአባይ ነው፤ አንድ ኪሎ ጨርቅ አንጽቶ ለማቅለም እንደ ጨርቁና እንደ ማሽኑ ከ70 እስከ 150 ሊትር ይሄዳል፣ ይህ ብቻውን ፋብሪካን ወንዝ ዳር ያስቀምጣል። መብራቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ካለው ፏፏቴ በሽቦ ይመጣ ነበር። የተሸመነው ጨርቅ በደብረ ማርቆስ፣ በደጀን፣ የአባይን በረሃ ተሻግሮ በመንገድ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል። ከጥጡ፣ ከውኃው፣ ከመብራቱና ከጨርቁ አንዱም በሐይቁ ላይ አይጓዝም። እንግዲህ ሐይቁ ከተማዋን የጠቀማት በመውጫው ነው፤ አባይ እዚያ ባይወጣና ባይወድቅ ኖሮ ፋብሪካው ሌላ ቦታ በተተከለ።

የኋለኛው ዕድገትም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የክልሉ መቀመጫ ሆነች፣ በ2000 ፖሊ ቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ1994 ቆጠራ የከተማው ሕዝብ 96,140 ነበር፣ በ2007 ቆጠራ 155,428። በዓመት 3.7 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ያመጣው ቢሮ፣ ትምህርት ቤትና ኮንስትራክሽን ነው፤ ጀልባ የለበትም።

ስለዚህ እንዲህ ብለሽ ጻፊው፦ «ባሕር ዳር የሐይቅ ወደብ የነበራት፣ በአባይ መውጫ ምክንያት በፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት።»

የቁንዝላው፦

ዘንባባ ጥላ ብዙውን ብለኸዋል፣ ግን ወደቡን እንዲህ አቃልለህ አትለፈው። በምዕራቡ ዳር ያለን ሰዎች፣ ቁንዝላም በለው ደልጊ፣ መኪና የሚያስኬድ መንገድ ዘግይቶ ነው የደረሰን። በምሥራቁ ግን በሐሙሲት፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን አድርጎ ጎንደር የሚገባ መንገድ ነበር። ወደቡ የደከመው መንገዱ በተሻሻለበት ወገን ነው፣ መንገድ በሌለበት ወገን ጀልባው ሲጠበቅ ኖሯል። ይህ ልዩነት ለእህታችን የጭነት ጥናት ይጠቅማታል፤ ማረፊያውን ስታቅድ መነሻውን ብቻ ሳይሆን መድረሻውን ትምረጥ።

ሌላው፣ ይህ ወደብ የተዘጋ ወደብ ነው። ከሐይቁ ወደ አባይ ወርዶ የሚሄድ ጀልባ የለም፣ መውጫው ላይ ድንጋይ፣ ወረድ ብሎም ፏፏቴ ነው። የራሱን ዳርቻ ብቻ የሚያገለግል ወደብ ከዳርቻው ምርት በላይ አያድግም። ዛሬማ ወደብ ስትል ሰው የሚያስበው ወረታን ነው፣ እሱም ደረቁን፣ በመኪና የመጣ ኮንቴይነር የሚራገፍበትን።

የውኃ ዘንግ፦

ወደ ቁጥሩ እንግባ። ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፣ የሚናገሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። 1786 እንደ አማካይ በየመጽሐፉ የሚጻፈው የሐይቁ ከፍታ ነው፣ ለንድፍ አይሆንም። 1784 ደግሞ ጨረጨራ ላይ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ግድብ፣ ያለው በር ውኃ ሊለቅ የሚችልበት የታችኛው ወሰን ነው። ጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲያልቅ ሁለት በር ነበረው፣ ለጢስ አባይ ሁለተኛ ሲባል በ2001 አምስት ተጨምሮ ሰባት ሆነ። ሐይቁን ከ1784 እስከ 1787 ሜትር እንዲይዝ ታስቦ ነው የተሠራው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ውኃ 9.1 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ነው። 1784.75 የጀልባ ቁጥር ነው፣ ከዚያ በታች ትልልቆቹ ጀልባዎች በደህና አይንቀሳቀሱም።

ስለዚህ በ1784 እና በ1784.75 መካከል ያለው 75 ሳንቲ ሜትር ለኃይል ማመንጫው ሕጋዊ ውኃ ነው፣ ለጀልባው ግን የለም። ከተማዋን ያሳደገውና ወደቡን ያደረቀው አንድ መውጫ ነው የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ዝናቡ አነሰ፣ 73 ሜጋ ዋት ገደማ የሆነው ጢስ አባይ ሁለተኛም በሙሉ ኃይሉ ውኃ ይጠጣ ነበር፤ በሰኔ ሐይቁ ከ1784.5 በታች ወረደና የጀልባ ጉዞ ቆመ።

ዛሬ አብዛኛው ውኃ በሌላ በኩል ነው የሚወጣው። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመረው ጣና በለስ፣ 460 ሜጋ ዋቱ፣ በ12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ወደ በለስ ይወስደዋል፤ በንድፉ አማካይ 77 ሜትር ኩብ በሰከንድ ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ሐይቁ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ ይመስለዋል፤ አስሉት። 77 ሲባዛ በ86,400 ሰከንድ፣ በቀን 6.65 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው። የሐይቁን ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብንይዝ በቀን 2.2 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ትነቱ ደግሞ በቀን 4.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይ ከተርባይኑ እጥፍ ትጠጣለች ማለት ነው። ከኅዳር መጨረሻ እስከ ግንቦት መጨረሻ ባለው 180 ቀን ትነት 81፣ ተርባይን 40 ሳንቲ ሜትር፣ ድምሩ 1.2 ሜትር። በበጋ የሚገባው ወንዝ ጥቂቱን ይመልሳል። ማረፊያሽ ይህን በየዓመቱ ያያል፤ ከፍተኛው መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ዝቅተኛው ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ነው።

አሁን ንድፉ። ከታች ጀምሪ፦ 1784.75 ሲቀነስ ጀልባው የሚገባው 1.20፣ ሲቀነስ ከሥሩ የሚተው 0.50፣ የሐይቁ የታችኛው መሬት ማረፊያው ፊት ለፊት 1783.05 ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። 0.50 በዛ ብለሽ አትቀንሺው፤ ማዕበል ጀልባውን ወደ ላይ ብቻ አያነሣውም፣ በመካከሉ ወደ ታችም ይጥለዋል፣ ድንጋይ ላይ የሚመታውም ያኔ ነው። ከላይ ደግሞ 1787፣ ለማዕበል 0.50፣ ለመጠባበቂያ 0.50፣ የማረፊያው ወለል 1788 ላይ ይቀመጥ።

ችግሩ እዚህ ነው የሚመጣው። ወለሉ 1788፣ የበጋው ውኃ 1784.75፤ ልዩነቱ 3.25 ሜትር። ኩንታል የተሸከመ ሰው ከጀልባ ጠርዝ ይህን ከፍታ አይወጣም። ብዙ ማረፊያ በክረምት ተለክቶ ተሠርቶ በበጋ እንደ ገደል የሚቀረው በዚህ ነው። ደረጃ መሥራት ይቻላል፣ ግን ጀልባው በየወሩ ሌላ ደረጃ ላይ መጠጋት አለበት፣ እርጥቡ ደረጃም አረንጓዴ ይዞ ያንሸራትታል። የሚሻለው ተንሳፋፊ መድረክ ነው። መድረኩ ከውኃው 0.60 ከፍ ካለ፣ በዝቅተኛው ጊዜ ላዩ 1785.35 ላይ ይሆናል። ከ1788 ጋር ያለው ልዩነት 2.65 ሜትር ነው። መሸጋገሪያው በ1 ለ5 እንዲያዘነብል 13.25 ሜትር አግድም፣ በራሱ ርዝመት 13.5 ሜትር ያስፈልጋል። በመስከረም ውኃው 1787 ሲደርስ ልዩነቱ 40 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይሆናል፣ ሊጋደም ምንም አይቀረው። ላዩን ሰው በገፋ ቁጥር የሚይዝ ነገር አልብሺው፤ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ የእንጨት ርብራብ ይበቃል።

አንድ የሚረሳ፦ የመሸጋገሪያው የታችኛ ጫፍ መድረኩ ላይ በጎማ እግር ይሂድ፣ አይታሰር። ውኃው ሲወጣና ሲወርድ ጫፉ በ25 ሳንቲ ሜትር ያህል ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል። ካሰርሽው ማጠፊያው በመጀመሪያው ክረምት ይቀደዳል።

ቀያሿ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። አንድ ጥያቄ፦ ዳርቻው ላይ የሐይቁ የታችኛው መሬት 1783.05 ካልሆነ፣ መቆፈር አይቻልም?

የውኃ ዘንግ፦

ፎገራ ወገን ቢሆን ጭቃ ነው፣ ይቆፈራል፣ ግን መልሶ ይሞላል። ባሕር ዳር ላይ የተለየ ነው። ከተማዋ የቆመችው በጥቁር ድንጋይ ላይ ነው፤ ሐይቁን ሐይቅ ያደረገውም መውጫውን የገደበው ያ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ ነው። ላዩን ደለል ሸፍኖት ለስላሳ ይመስላል። ስለዚህ በእንጨት ወይም በገመድ የለካሽውን ጥልቀት አትመኚ፤ 12 ሚሊ ሜትር ብረት ይዘሽ በየ2 ሜትሩ ውጊ፣ የሚቆምበትን መዝግቢ፣ ሁለት ቁጥር ይኑርሽ፣ የደለሉ ላይና የድንጋዩ ላይ። ድንጋዩ ከ1783.05 በላይ ከሆነ ቁፋሮውን እርሺው፣ ማረፊያውን ወደ ውስጥ ግፊው። 10 ሜትር መሸጋገሪያ መጨመር ከሐይቅ ሥር ድንጋይ ከመስበር ይረክሳል፤ ፍንዳታ ደግሞ በዓሣው ምክንያትም አይፈቀድልሽም ብለሽ ያዢ። ምሰሶም እዚያ በመዶሻ አይገባም፣ ጫፉ ይታጠፋል። ድንጋዩን በስተው ብረት ተክለው በሲሚንቶ ግራውት ይሞላል።

መሪ ጨባጭ፦

ልጄ፣ ስለ ጀልባው እኔ ልጨምርልሽ፣ ወረቀቱን እነሱ ጨርሰውታል።

ያዋጣል ወይ ላልሽው መልሱ ያለው በኩንታል ቁጥር ነው። 18 በ4.5 ጀልባ፣ ጫፉ ስለሚሾል በ0.8 አባዢው፣ ውኃ ላይ የተኛው ስፋቱ 65 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሳንቲ ሜትር ለመስመጥ 0.65 ቶን፣ ማለት 6 ኩንታል ተኩል ይፈልጋል። ይህን ቁጥር ጀልባው ጎን ላይ ብትጽፊው ነው የምመክርሽ። ውኃው 1784.40 ቢወርድ፣ ከ1784.75 35 ሳንቲ ሜትር ጎደለ፤ ያንኑ ክፍተት ከሥር ለማግኘት 35 ጊዜ 6.5፣ ወደ 227 ኩንታል ማራገፍ ግድ ነው። 450 ኩንታል የሚጭን ከነበረ ግማሹ ቀረ፣ ነዳጁ ግን ግማሽ አይሆንም። በሰኔ የሐይቅ ጭነት የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፣ ጀልባው ባይቆምም።

450 ኩንታል 50 የሚጭን አይሱዙ ዘጠኝ ነው። ያ ያማልላል። ነገር ግን መኪናው ከጎተራ ጭኖ ገበያ ያራግፋል፣ ጫኝና አውራጅ የሚነካው ሁለት ጊዜ ነው። በጀልባ ሲሆን ከጎተራ መኪና ላይ፣ ከመኪና ማረፊያ፣ ከማረፊያ ጀልባ፣ ከዚያ በወዲያኛው ዳር ያው እንደገና ይደገማል። በትንሹ አራት፣ ብዙውን ጊዜ ስድስት። በሐይቁ ላይ ያተረፍሽውን ዳር ላይ ትበያለሽ። የሚያዋጣው ሁለት ነገር ሲገጥም ነው፦ ጭነቱ ራሱ ዳርቻው ላይ ሲሆን፣ እንደ አሸዋና ድንጋይ፣ ደግሞም የመንገዱ ዙር ረጅም ሲሆን። ባሕር ዳር ከጎርጎራ በቀጥታ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በመኪና ጎንደር ዞረሽ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ጀልባ 6 ሰዓት ተኩል ይወስዳል። ዘጌ ግን ቅርብ ነው፣ ለዘጌ ጭነት ጀልባ አታቅጂ፤ ለሰውና ለቱሪስት ይሁን።

6 ሰዓት ተኩሉን ከጠዋቱ አስልተሽ ያዢ። ሐይቁ ጠዋት ዘይት ነው፤ ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣና ማዕበሉ ሜዳውን ሁሉ ተጉዞ ደቡብ ዳር ይመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ካልተነሣ ጀልባው የሚጠጋው በማዕበል ነው። የማረፊያሽ ክፍት ፊት ወደ ሰሜን ከሆነ ከሰዓት በኋላ ማራገፍ የለም ብለሽ ጻፊ። መድረኩን ወደ ጎን አዙሪው፣ ወይም ከፊቱ የድንጋይ ክምር ይኑር።

እምቦጭን፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈውን አረም፣ እንዳትረሺ። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን ምሥራቅ፣ መገጭ ወንዝ አፍ አካባቢ ታየ፣ ከዚያ ወደ ደንቢያና ፎገራ ተዛመተ። ጀልባ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ፕሮፔለር መጠምጠም ብቻ ይመስላችኋል፣ እሱስ ይፈታል። ክፉው የሞተር ማቀዝቀዣ ውኃ በሚገባበት ቧንቧ ሥሩን መክተቱ ነው። ምልክቱ፦ ከጭስ ማውጫው ጋር የሚተፋው ውኃ ይቀጥናል፣ ሙቀቱ ቀስ ብሎ ይወጣል። ወዲያው ከማርሽ አውጡት፣ ሞተሩን አጥፉት። የማስገቢያውን ቫልቭ ሳትዘጉ ወንፊቱን አትክፈቱ፣ ጀልባው ውስጥ ውኃ ይገባል። ዘግታችሁ ወንፊቱን አውጡ፣ ሥሩን በእጅ ልቀሙ፣ መልሳችሁ ክፈቱና አስነሡ። ውኃ ካልተፋ የፓምፑ የላስቲክ ክንፍ ደርቆ ተቀድዷል፣ መለዋወጫው ጀልባው ላይ መኖር አለበት። እምቦጭ ውስጥ ከገባችሁ በኋላ በማርሽ አትታገሉ። በመቅዘፊያ ገፍታችሁ ውጡ። ከዚያ ወገን የሚመጣ ጀልባ ባሕር ዳር ከመጠጋቱ በፊት ሥሩና መልህቁ ተፈትሾ ይጠረግ፤ አንድ ቁራጭ ብቻ ካረፈ ይራባል።

ቀያሿ፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ የአንድ ሳንቲ ሜትሩን ሒሳብ እንዳለ ወስጄዋለሁ። የመጨረሻ ጥያቄዬ ለውኃ ዘንግ ነው። እስካሁን የዳርቻውን ከፍታ የለካሁት በጂፒኤስ ነው። ከ1783.05 ጋር በቀጥታ ላነጻጽረው?

የውኃ ዘንግ፦

በፍጹም። ጂፒኤሱ የሚሰጥሽ ከፍታ ከሒሳብ የተሠራ የምድር ቅርጽ ላይ የሚነሣ ነው፣ 1784.75 ደግሞ ከባሕር ወለል ነው፤ በመካከላቸው የሜትሮች ልዩነት አለ፣ አንቺ ደግሞ የምትከራከሪው በ50 ሳንቲ ሜትር ነው። ሐይቁ ዳር በተተከለው የውኃ መለኪያ ዘንግም ላይ የምታይው ቁጥር ከራሱ ዜሮ የሚነሣ ነው፣ ከባሕር ወለል አይደለም። እንዲህ አድርጊ፦ ነፋስ በሌለበት ጠዋት፣ 1 ሰዓት ላይ፣ ማረፊያው ቦታ ላይ ችንካር ተክለሽ የውኃውን ጠርዝ ምልክት አድርጊ። በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ዘንጉን ያንብብልሽ። የዘንጉን ዜሮ ከፍታ ከውኃ ቢሮው በጽሑፍ ጠይቂ፣ ንባቡን ደምሪበት፣ ያ የችንካርሽ ከፍታ ነው፣ ሐይቁ ራሱ ጠፍጣፋ ውኃ ልክ ሆኖ ይሠራልሻል። ሌላውን ሁሉ ከችንካሩ በሌቭል መሣሪያ ውሰጂ። በሁለተኛው ቀን ድገሚው፤ ከ3 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያየ ነፋስ ውኃውን ገፍቶታል፣ ሦስተኛ ቀን ጨምሪ። ችንካሩን በሲሚንቶ ትከይው፣ እረኛ ይነቅለዋል።